ለእኔ የተለየችው ድስት

ሕመሜ ከውኃ ባልዲ ጀመረ ብዬ ለብዙ ጊዜ አምን ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከቦኖ የቀዳሁትን ባልዲ ላነሳ ጎንበስ ስል፣ ከወገቤ ከፍ ብሎ የጀርባዬ አጥንት ላይ አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረገኝ። ባልዲውን አስቀምጬ ቀና አልኩ፤ ትንሽ ቆይቼ መልሼ አነሳሁት። በኋላ ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ግን ባልዲው ምንም አልበደለም፤ በሽታው ቀድሞ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። ይህን ከመነሻው የምናገረው ጀርባዋን የሚያማት ሴት ባልዲዋን፣ ብርዱን ወይም ወሊዷን እየከሰሰች ጊዜ እንዳታጠፋ ብዬ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ካለ ግቢ ነበር። ባለቤቴ ተፈራ መምህር ነው፤ ከጨርጨር ተዛውሮ ሲመጣ እኔና ልጃችን ሰናይት ተከትለነው መጣን። ቀበሌ የሰጠን ቤት አንዲት ክፍል ነበረች፤ ያቺ ክፍል ደግሞ ከትርፍ ቤቱ አዋጅ በፊት የግቢው እመቤት የአይ ሩቂያ ንብረት ነበረች። «አይ» በሐረሪ ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ስለሚጠራቸው እኛም ተከተልን። ትልቁ ቤት ቀርቶላቸዋል፤ ትንሿ ተወርሳ ኪራዩን የምንከፍለው ለቀበሌ ነው። በገዛ ግቢያቸው ስንገባና ስንወጣ በየቀኑ ያዩናል። ሰላምታቸው ጎድሎ አያውቅም፤ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ግን አልነበረንም። እኔም ወሬ የምጀምር ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በማታ ትምህርት ሰባተኛ ክፍል ደርሼ ነበር። ቤት ስሆን የተፈራን መጻሕፍት አነባለሁ፤ ያልገባኝን ቃል ሳላጣራ ገጽ አልገልጥም። ከጎረቤት ይልቅ ከመጽሐፍ ጋር ውዬ አድር ነበር ማለት ይቀላል።

ቁንጥጫው በወሩ ወደ ጥዝጣዜ ተለወጠ። ማታ ማታ ትኩሳት ይመጣል፣ ሌሊት ያልበኛል፣ ጠዋት ደህና እሆናለሁ። ቀሚሶቼ ሰፉኝ። የመጀመሪያው ክሊኒክ «ብርድ ነው» ብሎ የሚቀባ ቅባት ሰጠኝ። ሁለተኛው «ኩላሊት ነው» አለኝና ውኃ አብዝቼ እንድጠጣ አዘዘኝ፤ ቦኖው በሳምንት የሚከፈትበትን ቀን ቆጥረን በምንኖርበት ሰፈር! ተፈራ ይህን ሲሰማ «ለቦኖውም ማዘዣ ይጻፍለት እንጂ» ብሎ አሳቀኝ። ስስቅ ጀርባዬ ተሰነጠቀ።

እኔን ለማገዝ የተፈራ ታላቅ እህት እትዬ ዘነበች ከጨርጨር መጣች። ጉልበተኛ፣ ሥራ የማያደክማት፣ ምላሷም እንደ እጇ ፈጣን የሆነች ሴት ናት። «ይሄ ምን ሐኪም ያስፈልገዋል? ወለምታ ነው። የሚያሸው ጠፍቶ ነው እንጂ!» ብላ ወጌሻ አመጣች። ሽማግሌው ደግ ሰው ነበሩ፤ ክፋት አላየሁባቸውም። ዘይት አሙቀው፣ በደረቴ አስተኝተው፣ በአውራ ጣቶቻቸው አጥንቴን እየተከተሉ ተጫኑት፤ በመጨረሻም በጉልበታቸው ገፉት። የዚያን ዕለት እፎይ አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን እግሮቼ የእኔ አልመስል አሉኝ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አንዲት ሴት ከኋላዬ «እትዬ! እትዬ! ጫማሽ!» እያለች ተጣራች። ዞር ብዬ ሳይ ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ርቆ ቀርቷል። በባዶ እግሬ ኮረት ላይ ስሄድ አልተሰማኝም ነበር። ሰው እያየኝ እንደሆነ ረስቼ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። በሳምንቱ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ።

ተፈራ በሰው ትከሻ አሸክሞ ሆስፒታል ወሰደኝ። እዚያ ያለውን ጥበቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ካርድ ለማውጣት ሰልፍ፣ ለራጅ ሰልፍ፣ ራጁን ለሚያነበው ሐኪም ሰልፍ። እንጨት አግዳሚ ላይ በጎኔ ተጋድሜ ሳቃስት፣ ከሶፊ ገጠር ልጇን ይዛ የመጣች የገበሬ ሚስት አንድም የአማርኛ ቃል ሳትናገር የትከሻዋን ልብስ አውልቃ፣ አጣጥፋ ከጀርባዬ ሥር ወተፈችልኝ። ተራዋ ደርሶ ስትጠራ ልብሷን ልመልስላት ብሞክር በእጇ «ተዪው» አለችኝ። እስከ ማታ እዚያው ከጀርባዬ ሥር ነበር። ስሟን አላውቅም።

ሐኪሙ ኩባዊ ነበር፤ ነርሷ ታስተረጉማለች። ራጁን መስኮቱ ላይ ለጥፎ አሳየን። «የጀርባ አጥንት እንደተደረደረ ጣሳ ነው» አለ፤ «ከእነዚህ ሁለቱን ቲቢ በልቷቸዋል። የተበላው አጥንት ሲደረመስ መግል ቋጥሮ፣ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል።» ቲቢ የሳምባ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በደም ተጉዞ አጥንት ውስጥ እንደሚገባ፣ የአጥንቱ ደግሞ በትንፋሽ ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ያን ቀን ተማርኩ። ሐኪሙ ማን እንዳሸኝ ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ፤ የተናገረውን ነርሷ አላስተረጎመችልኝም።

መድኃኒቱ በየቀኑ የሚወጋ መርፌና ለረጅም ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ነበር። ከዚያ ሌላ ሁለት ነገር አዘዘ፦ ጠንካራና ዝርግ መኝታ ላይ ሳልነሳ እንድተኛ፣ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት እንድመገብ።

«ትቆማለች?» አለ ተፈራ።

«ሰውነቷ ሲጠገን አጥንቷም ይጠገናል። ካልበላች መድኃኒቱ ብቻውን አይሠራም። አሁን ግን ቃል አልገባም» አለ ሐኪሙ።

ተፈራ ማዘዣውን ተቀበለ።

ሆስፒታሉ አልጋ ስላልነበረው፣ መርፌውን የሚወጋ ድሬሰር ቤት እንዲመጣ ተስማምተን ተመለስን። የእኛ አልጋ የሽቦ ነው፤ መሐሉ እንደ ጀልባ ጎድጉዷል። መሬት ላይ ልተኛ ብል ክፍሏ ርጥበት አላት። እትዬ ዘነበች ደግሞ «ቲቢ» የሚለውን ቃል ከሰማች ጀምሮ ኩባያዬን ለየችው፤ በር ሥር ለብቻው ደፋችው። እንደማይተላለፍ ተፈራ ሦስቴ ቢያስረዳትም አንገቷን ነቀነቀች። ማታ ከመጋረጃው ወዲያ ስትነግረው ሰማኋት፦

«ልጅቷን ይዣት ልሂድ። እሷንም ወደ ወላጆቿ ላካት። ወንድሜ፣ አንተ እኮ ገና ወጣት ነህ።»

«እትዬ፣ ተኚ» አለ ተፈራ።

ያን ሌሊት ጅቦቹ በግንቡ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ገብተው በየመንገዱ ሲዞሩ እያዳመጥኩ አደርኩ። ተፈራ «አይሆንም» አላለም፤ «እሺ»ም አላለም። ጠንቃቃ አንባቢ መሆን እዚህ ላይ ይጎዳል፤ ያልተባለውንም ሰው ያነበዋል።

በማግስቱ ጠዋት አይ ሩቂያ በራችን ላይ ቆሙ።

«ሐኪሙ ጠንካራ መኝታ ነው ያለው?» አሉ።

«አዎ፣ እማማ» አለ ተፈራ።

«የእኔ ነደባ ድንጋይና አፈር ነው። አባቴ ያሠራው፣ እስከ ዛሬ አንድ ስንዝር አልጎደጎደም። አምጧት።»

ነደባ በሐረሪ ቤት ውስጥ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ በቀይ አፈር የተለቀለቀ መደብ ነው። ማን በየትኛው እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፤ ለታላቅ እንግዳ የሚሆነው ለብቻው ነው።

ተፈራ ተንተባተበ። «እማማ፣ በሽታዋ... ሰው ይፈራል...»

«ሐኪሙ ወደ ሰው ይሄዳል ብሏል?»

«የለም፣ የአጥንት ስለሆነ አይተላለፍም ብሏል።»

«ታዲያ! ሐኪሙ ያልፈራውን እኔ ልፍራ? እኔ ለፍርሃት አርጅቻለሁ። አንሷት፣ ቀስ ብላችሁ፣ በአንሶላ።»

ሰፊው ነደባ ላይ፣ የታላቅ እንግዳው ቦታ ላይ፣ ስስ ምንጣፍ አንጥፈው አስተኙኝ። ለወራት ያየሁት ጣሪያውን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶችና የሸክላ ሳህኖች ነው። አይ ሩቂያ አፎቻ አላቸው፤ እንደ እኛ ዕድር ያለ፣ ሴቶቹ ለሠርግና ለሐዘን የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። ሴቶቹ ከሰዓት በኋላ ስፌታቸውን ይዘው መጥተው በዙሪያዬ ይቀመጡ ነበር። መጽሐፉን ከፊቴ በላይ ይዤ ሳነብ ክንዴ ሲዝል ያዩኛል። አንዷ መጣችና መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ያዘችልኝ፤ ገጹ ሲያልቅ በጥቅሻ እነግራታለሁ፣ ትገልጥልኛለች። «ምን ይላል?» ይላሉ፤ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ አይ ሩቂያ በሐረሪ ይነግሯቸዋል። የእሳቸው ትርጉም ከመጽሐፉ ሁልጊዜ ይረዝም ነበር። «አይ፣ እንዲያ እኮ አይልም» ስላቸው፣ «ደራሲው ረስቶት ነው» ይሉኛል።

አሁን ወደ ድስቷ ልምጣ። ሐኪሙ ሥጋ እንዳዘዘልኝ አይ ሩቂያ ሰምተዋል። በእኛ አገር ደግሞ ክርስቲያን የእስላም እርድ አይበላም፣ እስላምም የክርስቲያንን። እሳቸው ይህን ከእኔ ይልቅ ይጠነቀቁበት ነበር። አንድ ቀን ከገበያ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ እግሩን ታስሮ፣ ከእሱ ጋር አዲስ የሸክላ ድስት ይዘው መጡ። ተፈራ ትምህርት ቤት ነው፤ በእኛ ወግ ሴት አታርድም። ዶሮውን ታቅፈው የግቢው በር ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን መመርመር ጀመሩ። እኔ ከነደባው ላይ ድምፃቸውን እሰማለሁ።

«አንተ ልጅ! ና እስቲ። ክርስቲያን ነህ?»

መንገደኛው ወታደር ነበር። «እማማ፣ እኔ አብዮታዊ ሠራዊት ነኝ» አለ፣ ድምፁን ጠበቅ አድርጎ።

«አብዮት ዶሮ ያርዳል?»

ጫማው ኮረቱ ላይ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

«ስምህ ማነው?»

«ገብረ ሥላሴ።»

«አልሐምዱሊላህ! ግባ። ቤት ውስጥ የታመመች ክርስቲያን አለችኝ። እናትህ ያስተማረችህን ብለህ እረድላት። ቢላዋው ንጹሕ ነው፣ አዲስ ነው፣ የእኛ ሥጋ አልነካውም።»

ወታደሩ ወደ መንገዱ ግራና ቀኝ አይቶ ገባ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ሲል ሰማሁት። ሊወጣ ሲል በበሩ ብቅ ብሎ አየኝ፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። «እግዚአብሔር ይማርሽ፣ እህቴ። እኔም ይህን ካልኩ ቆይቼ ነበር» አለኝና ሄደ።

ድስቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብቻዋ ተቀመጠች። በእሷ ሌላ ምንም አይበሰልባትም፤ ማማሰያዋም የራሷ ናት። እኔ ከነደባው ላይ ሆኜ አያታለሁ። በትንሿ ቤት ኩባያዬ ለብቻው ተደፍቷል፤ በትልቁ ቤት ድስቴ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ኩባያው የተለየው እኔን ፈርተው ነው፤ ድስቷ የተለየችው ሃይማኖቴን አክብረው ነው። ሁለቱንም ባሰብኩ ቁጥር አንዱ ያሳመመኝን ሌላው ያሽርልኝ ነበር።

አይ ሩቂያ ከድስቷ መቅመስ ስለማይችሉ ጨው የምትቀምስላቸው ሰናይት ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው። «በቃው?» ይሏታል። «ትንሽ ልድገም፣ አልለየሁትም» ትላለች። «ያ አላህ! ይህች ልጅ እስክትለይ ዶሮው ያልቃል!»

መርፌውም ምግቡም ተደማምረው ትኩሳቴ ጠፋ። እግሬ ላይ መርፌ መርፌ የሚል ነገር ተሰማኝ፤ ሐኪሙ «ደግ ምልክት ነው» አለ። በመሐል ግን ዐቢይ ጾም ገባ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ገድፌ አላውቅም። ለበሽተኛ ጾም እንደማይጸና አውቃለሁ፤ አንብቤዋለሁም። ቢሆንም ሥጋውን፣ ወተቱንና እንቁላሉን መለስኩ። ተፈራ ለመነኝ፣ ተቆጣኝ፣ ወጥቶ ሄደ። ክኒኑ በባዶ ሆድ ያስመልሰኛል። ጉንጬ መልሶ ገባ። እግሬ ላይ ይሰማኝ የነበረው ነገር እየራቀ ሄደ። ሐኪሙ መጥቶ አየኝና ነርሷን «እንዲህ ከቀጠለች የተጀመረው ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ መቆም የለም በያት» አላት። ቃል በቃል ነገረችኝ።

በማግስቱ አይ ሩቂያ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ቀዩን መጎናጸፊያቸውን ደርበው ወጡ። ሲመለሱ ከኋላቸው የነፍስ አባቴ መምሬ ኃይሌ ጥላቸውን አጥፈው ገቡ። መምሬ ቆይተው እንደነገሩኝ፣ አይ ሩቂያ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆመው፣ ወጪ ገቢውን በእኔ ስም «የብርሃኔን ቄስ ጥሩልኝ» እያሉ ነበር። ምእመኑ ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው አልተነቃነቁም አሉ።

መምሬ ሳቃቸውን እንደያዙ ተቀመጡ። አይ ሩቂያ ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«አባ፣ በእኛ ጾም የታመመ ሰው አይጾምም። ሲድን ይከፍላል፤ ቀዷ እንለዋለን። እናንተ ጋ ዱቤ የለም ወይ?»

«ዱቤማ አለ» አሉ መምሬ። «ንስሐ ይባላል።»

«ታዲያ ይንገሯት!»

መምሬ ወደ እኔ ዞሩ። «ብርሃኔ፣ በሽተኛ ከጾም ነፃ መሆኑን አታውቂም?»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

ለማንም ያልተናገርኩትን ያን ጊዜ ተናገርኩ። «ሁሉ ነገር ከእጄ ወጥቷል። የልጄን ፀጉር አልሠራም፣ ለባሌ አላበስልም፣ ቆሜ አላስቀድስም። ሌላው ሰው ያጎርሰኛል፣ ሌላው ሰው ያገላብጠኛል። በራሴ ጉልበት የማደርገው ነገር ጾሜ ብቻ ቀረኝ። እሱንም ሊያስፈቱኝ ነው?»

መምሬ አንገታቸውን ደፉ። የተናገሩት አይ ሩቂያ ናቸው፤ ነደባው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ ያቺን ክፍል ሲወስዱብኝ ዝም አልኩ። ጉልበቴ ያ ነበር። እናንተ ስትገቡባትም ዝም አልኩ። ወላሂ፣ ዶሮዬን ስትመልሺብኝ ግን ዝም አልልም!»

ስለ ክፍሏ ሲናገሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የመጨረሻዬም ሆነ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት አይወራም። መምሬ ወደ በሩ አዩ። ከዚያ መስቀላቸውን አወጡ።

«ብዪ፣ ልጄ። ዕዳው አለብሽ፤ አልተማረልሽም። ቆመሽ ስትመጪ እኔው እነግርሻለሁ።»

«ቆመሽ» አሉኝ። ተፈራም ሐኪሙም ያልገቡልኝን ቃል። አይ ሩቂያ የወተቱን ኩባያ አቀረቡ፤ ጠጣሁ። እንባዬ ስለገባበት ይሁን እንጃ ጨው ጨው ይል ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ሰናይት እግሬ ሥር ተቀምጣ አሻንጉሊቷን ስታለብስ ድንገት ጮኸች። «እማ! አውራ ጣትሽ ሰላም አለኝ!» ተፈራ ከውጭ ሮጦ ገባ። «እስቲ ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። ተንበርክኮ እግሬን በሁለት እጁ ያዘና ግንባሩን አስደገፈበት። ያን ማታ ከመጋረጃው ወዲያ ሰምቼ ሳነበው የኖርኩት ዝምታ ምን እንደነበረ ያኔ ገባኝ፤ ፈርቶ ነበር፣ ሌላ አይደለም።

እትዬ ዘነበችም ወደ አገሯ ልትመለስ ልትሰናበተኝ መጣች። ይቅርታ የምትል ሴት አይደለችም። ከአጠገቤ ያለውን የምጠጣበትን ኩባያ አንስታ፣ የተረፈውን ውኃ እስከ ጠብታው ጠጥታ፣ አፏን ጠርጋ፣ «በሚቀጥለው ቅቤ እልክልሻለሁ» አለችና ጉንጬን ስማ ሄደች። ቅቤውም መጣ።

መጀመሪያ መቀመጥ፣ ቀጥሎ የጀሶ ቀበቶ ታጥቆ መቆም፣ ከዚያ በብትር መራመድ። እግር መትከልን እንደ ሕፃን ነው የተማርኩት። የጀጎል መንገድ ጠባብ መሆኑ ጠቀመኝ፤ ሁለቱን ግንብ በሁለት እጄ እየነካሁ መሄድ እችላለሁ። አህያ ከመጣች ግን አንዳችን መመለስ አለብን፤ አብዛኛውን ጊዜ የምመለሰው እኔ ነበርኩ። ወደ ክፍላችን ከተመለስኩ በኋላ ያልቻልኩት የግቢያችንን መሐል ነው። ከእኛ ክፍል እስከ አይ ሩቂያ በር ድረስ የሚያዝ ነገር የለም። ብትሬን ከለቀቅሁ ጉልበቴ ይከዳኛል። ሐኪሙ ራጁን አይቶ «አጥንቱ ገጥሟል፤ አሁን ያልገጠመው ልብሽ ነው» አለኝ።

ለታመሙ የምለው አጭር ነው። ጀርባችሁን ሲያማችሁ፣ ማታ ማታ ትኩሳት ካለው፣ ራጅ ሳትነሱ ማንም እንዳይጫነው። ክኒኑን ደህና ሆንኩ ብላችሁ አታቋርጡ፤ እኔ ቆሜ መሄድ ከጀመርኩ በኋላም ረጅም ጊዜ ውጫለሁ። ሰው ሲያጎርሳችሁ ደግሞ አፋችሁን ክፈቱ። ይህ ለእኔ ከመርፌውም ይልቅ ከባድ ነበር።

በዓመቱ ከፋሲካ በኋላ በብትሬ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መምሬን አገኘኋቸው።

«አባ፣ ቆሜ መጥቻለሁ። ዕዳዬን ይንገሩኝ።»

«አሁን በዓለ ኀምሳ ነው፤ ጾም የለም» አሉኝ።

«አውቃለሁ። ለበኋላ ይሁን።»

«በእናንተ ግቢ የሚጾም ሰው የለም?»

ረመዳን ነበር።

«አለ» አልኩ።

«እንግዲያ አንድ ቀን የምታፈጥርበትን አንቺው ሠርተሽ አቅርቢላት። ሰው ላኪ አላልኩሽም፤ በእጅሽ አቅርቢ። የአንቺ ቀዷ እሱ ነው።» ቃሉን በትክክል ጠሩት።

ከገበያ አዲስ የሸክላ ድስት ገዛሁ፤ አዲስ ማማሰያም። ሥጋውን ከእስላም ሥጋ ቤት ከአፎቻው ሴቶች አንዷ ገዝታ አመጣችልኝ። ሾርባ ሠራሁ። ሰናይት ማንኪያ ይዛ መጣች።

«ልቅመስ?»

«አይሆንም። ይህ የእሳቸው ነው።»

«ታዲያ ጨዉን ማን ይለያል?»

ፀሐይዋ ልትገባ ሆነች። ሾርባውን ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገለበጥኩ፤ ሞላ። ለማንሳት ሁለት እጅ ይጠይቃል። ብትሬን አየሁት፣ በሩ ላይ ተደግፏል። ሳህኑን አነሳሁ።

ግቢው ያን ያህል ሰፊ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ዓይኔን ከሾርባው ሳላነሳ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላውን። ሰናይት ከኋላዬ ትንፋሿን ይዛ ስትከተል ይሰማኛል። አይ ሩቂያ በራቸው ላይ ቴምር በእጃቸው ይዘው አዛን ይጠብቁ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ቴምሩ በእጃቸው እንዳለ ቀረ።

«ብትርሽስ?» አሉኝ።

«እጄ ሞላ፣ አይ።»

አዛኑ ተጠራ። አልተነሱም፣ ቴምሩንም አልቀመሱም። «አዛን ብሏል፣ ያፍጥሩ እንጂ» አልኳቸው። ቴምሩን ቀመሱ፣ ሳህኑን ተቀበሉኝ፣ ነደባውን በአገጫቸው አሳዩኝ። ያ ተኝቼ የከረምኩበት ነው፤ ያን ቀን ተቀመጥኩበት። «ቢስሚላህ» ብለው ሾርባውን በማንኪያ ቀመሱ። አንዴ ቆም አሉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ ለካ እየሳቁ ነው።

«ልጄ፣ ጨው ረስተሻል!»

ሰናይት ጨው ልታመጣ ተፈተለከች። አይ ሩቂያ እጃቸውን አነሱ፦ «ተዪው፣ ተዪው። እንዳለ ይሁን» አሉና ሳህኑን በሁለት እጃቸው አንስተው እስከ ታች ጠጡት።